ስሙን ብቻ የሚጽፈው ሰው

ሟቹ በፖም ሳጥኖች መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ቁስል የለ፣ ደም የለ፣ የትግል ምልክት የለ። መነጽሩ እንኳ ከአፍንጫው አልወረደም። ቀኝ እጁ አንድ ፖም ጨብጧል። መርማሪዋ አጠገቡ ተንበርክካ ፖሙን አየችው፤ ከዛፍ ከወረደ ወራት ያለፉት ፍሬ ነው፣ ግን ዛሬ ጠዋት የተለቀመ ይመስላል።

«እንዲህ ሳይበላሽ የሚቆየው ስለማይተነፍስ ነው» አለ ከኋላዋ የቆመው የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ። «በሩን ከዘጋን በኋላ ኦክሲጅኑን እናወጣዋለን። ፖሙ ይተኛል። ሰው ከገባ ግን…»

«አብሮ ይተኛል።»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሽማግሌ ነበሩ። አሁን ክፍሉ ቶሎ ካልተዘጋ ፍሬው ሁሉ ይነቃብኛል።»

አለቃዋም በስልክ ያላት ይህንኑ ነበር፤ አደጋ ነው፣ አደጋ ካልሆነም የመጋዘኑ መካኒክ ነው፣ ከምሳ በፊት ጨርሺው። ስልኩ ሲጮኽ ግን ደስ ብሏት ነበር፤ በኋላ አፈረችበት። የኮምፒውተር ትምህርቷን በሩቅ አገር ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ ከአለቃዋ በቀር የሚደውልላት የለም። የሚያውቋት ሰዎች እሷ በሌለችበት ኑሯቸውን አደላድለው ጨርሰዋል።

ከክፍሉ በር አጠገብ አንድ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር ያለባት ትንሽ ቢሮ አለች። ኮምፒውተሩ በርቷል። በስክሪኑ ላይ ባለችው ጥቁር መስኮት ውስጥ ነጫጭ ፊደላት ይታያሉ። ሟቹ ከመሞቱ በፊት የጻፈው አንድ ቃል፣ ከሥሩም ማሽኑ የመለሰለት፦

አየር
ደህና አደርክ ወዳጄ? ትንሽ ጠብቅ።
አየሩ ንጹህ ነው። ግባ።

«ፕሮግራሞቹን ሁሉ የጻፉት እሳቸው ናቸው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «መሐንዲሳችን ነበሩ። ‹አየር› ብለው ሲጽፉ ማራገቢያዎቹ ይነሳሉ፣ ንጹህ አየር ይገባል፣ ከዚያ የበሩ ቁልፍ ይከፈታል። በእጅ የሚያዝ መለኪያም ነበረን» አለና ምስማር ላይ ወደተሰቀለች ቢጫ ሣጥን አመለከተ። «ባትሪዋ ካለቀ ቆየ። እሳቸው ከሷ ይልቅ ፕሮግራማቸውን ነው የሚያምኑት።»

«ይህ ሰላምታስ?»

«እሱን ለራሳቸው ነው የጻፉት።» ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ሊል ሲል ተወው። «ዕድሜያቸውን በሞተር መካከል ስለኖሩ ጆሯቸው ጠፍቷል። ደህና አደሩ ብንላቸው አይሰሙም። እንግዲያው ማሽኑ ይጻፍልኝ አሉ። ስቀንባቸው ነበር።»

«እናንተስ አንድ ቀን እንኳ ጽፋችሁ ሰላም አላችኋቸው?»

ሥራ አስኪያጁ ጫማውን አየ።

መካኒኩ ግቢው ውስጥ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ንጹህ የሆነውን እጁን በጨርቅ እየደጋገመ ይጠርጋል። አንድ ፖሊስ አጠገቡ ቆሟል። ሬሳውን ያገኘው መካኒኩ ነው።

«ማራገቢያው ዝም ብሎ ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «ገና ከግቢው በር ስገባ ድምፁ ከእግሬ ሥር ነው የሚሰማኝ። ዛሬ አልተሰማኝም። ጋሼ አልተነሱም ብዬ አለፍኩ። በኋላ የክፍሉን በር ገርበብ ብሎ አየሁት። ምነው ያኔ ሮጬ በነበር!»

«ከዚያስ?»

«ጮህኩ። ሥራ አስኪያጁ ሐኪም ሊጠራ ወደ ግቢው በር ሮጠ። ልጅቷ፣ ፕሮግራመሯ፣ ማራገቢያውን ልታስነሳ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። ሲነሳ ገብቼ ነካኋቸው። ቀዝቅዘዋል።»

«ማራገቢያውን ያበላሸኸው አንተ ነህ ይላሉ።»

«ይበሉ። ምክንያትም አላቸው» አለና ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ባለፈው ዓመት ወንድሜ እዚያው ክፍል ውስጥ ሞተ። ጫኝ ነበር። ፖም ሊሰርቅ ሾልኮ ገባ ተባለ። ስሚኝ እህቴ፣ ወንድሜ ፖም አይበላም እኮ! ጥርሱ ይቆረጥመው ነበር።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «ልጆቹ የሌባ ልጅ እየተባሉ ነው የሚያድጉት።»

«መሐንዲሱን ጠልተሃቸው ነበር?»

«በሩ የሳቸው፣ ፕሮግራሙ የሳቸው። ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም። ከዚያ በቀደም ቤቴ ድረስ መጡ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ውኃ ጠጡ። ‹ወንድምህ ሌባ አልነበረም። እውነቱን እነግርሃለሁ፤ ግን አስቀድሜ ማነጋገር ያለብኝ ሰው አለ፣ ከዚያ ተመልሼ እመጣለሁ› አሉኝ። ማንን ነው ብዬ ጮኼ ጠየቅኳቸው። አልሰሙኝም። ወይም እንዳልሰማ ሆኑ።»

«ኮምፒውተሩን ትጠቀምበታለህ?»

መካኒኩ ከኪሱ የብሎን መፍቻ አወጣ። «እኔን የሚያውቀኝ ቁልፍ ይኼ ነው። የይለፍ ቃል የሚሰጠኝ ማን አለ?»

ፕሮግራመሯ ሠላሳዎቹ ውስጥ የገባች ሴት ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ጣቶቿ ግን ቁልፎቹን ሳታያቸው ያገኟቸዋል። የሟቹን መስኮት ወደ ጎን ትታ ሌላ ጥቁር መስኮት ከፈተች።

«ፕሮግራሙ እንደሚሠራ ላሳይዎት» አለች። ረጅም መስመር በፍጥነት ጻፈች፦ /መጋዘን/ሥራ/ፕሮግራም/አየር። ሰላምታው ብቅ አለ፣ ወዲያውም ወለሉ ማጓራት ጀመረ። «ይኸው» አለችና ማራገቢያውን መልሳ አጠፋችው። «እንግዲህ ጠዋት እምቢ ያለው ማራገቢያው ነው። እሱን ደግሞ የሚያውቀው መካኒኩ ነው።»

«ይህን ሁሉ ለምን ጻፍሽ? እሳቸው ስሙን ብቻ ነው የጻፉት።»

«ልማድ ሆኖብኝ። ተማሪ ሳለሁ የለመድኩት ነው። ጋሼ ‹የጎረቤቷን ቤት በካርታ የምትፈልግ› እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።»

መርማሪዋ መልሱን ታውቀዋለች፤ የጠየቀችው አመላለሷን ለማየት ነው። «ስሙን ብቻ ሲጽፉስ ማሽኑ ከየት ያገኘዋል?»

«ይፈልጋል። የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ተራ ተይዞላቸዋል። ኮሪደር ላይ ቆሞ ስም እንደ መጣራት ነው። በየተራው በሮቹን ያንኳኳል፣ ‹አቤት› ያለውን ይዞ ይመጣል።»

«በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ቢኖሩስ?»

ፕሮግራመሯ እጇን ከቁልፎቹ አነሳች። «ቀድሞ የተገኘው ይመጣል።»

«የሳቸውን የይለፍ ቃል ታውቂዋለሽ?»

«ዓይናቸውም እየደከመ ስለነበር ብዙውን ነገር የማስተካክልላቸው እኔ ነበርኩ። ልጄ ነበር የሚሉኝ። ሌላ ሰው አልነበራቸውም።» የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ፊቷን አዞረች። ኀዘኗ የውሸት አልነበረም፤ መርማሪዋን ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

ሟቹ የሚኖረው ከመጋዘኑ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። አልጋው ተነጥፏል፣ መጻሕፍቱ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ከአልጋው ራስጌ ቀይ አምፖል ተሰቅሏል፤ ሽቦው በመስኮት ወጥቶ እስከ ግቢው በር ድረስ ይሄዳል። እንግዳ ደወሉን ሲነካ እንዲበራ ነው፣ ደወሉን ስለማይሰማ። መርማሪዋ አምፖሉን በጣቷ ነካችው። አቧራ ጠጥቷል።

«ይህ አምፖል በርቶ ያውቃል?» አለችው ደረጃው ላይ የሚጠብቃትን ሥራ አስኪያጅ።

«ማን መጥቶባቸው!» አለ። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ተነፈሰ። «እኔን ዛሬ የሚገድለኝ ይህ ቀን ነው። ትናንትም በማሽኑ ምክንያት መኪና ቆሞብኝ ዋለ።»

«ትናንት ማሽኑ ምን ሆነ?»

«ጋሼ አጥፍተው አበሩት። በሥራ ሰዓት! ያቺን ጥቁር መስኮት እኮ ከክረምት ጀምሮ ዘግተዋት አያውቁም፣ እንደ ሚስት ነበር የሚጠብቋት። ምን ነካዎት ብዬ ስጮህ ‹ልጄ አጥፍተው ያብሩት ብላኝ ነው፣ ለማሽኑ ጤና ነው› አሉ።»

መርማሪዋ ደረጃው ላይ ቆመች። «እርስዎስ ማሽኑን ይጠቀሙበታል?»

«በራሴ የይለፍ ቃል፣ ሲቸግር ብቻ። እኔም ‹አየር› ብዬ ነው የምጽፈው። አድራሻ የምጽፍ ፖስተኛ ነኝ እንዴ?»

«‹አየር›ን ከሳቸው ሌላ የሚያሻሽለው ሰው አለ?»

«ድሮ ልጅቷ ነበረች። ያ ጫኝ ከሞተ ወዲህ ግን ጋሼ ማንንም አላስነኩም። ለምን እንደሆነ እኔ አልጠየቅኩም።»

ወደ ቢሮው ተመለሰችና በሩን ዘጋች። በሟቹ መስኮት ውስጥ፣ እሱ ካቆመበት መስመር ቀጥሎ፣ አንዲት ቃል ጻፈች፦ አየር። ጣቷን አንስታ ጠበቀች። ከወለሉ ምንም ድምፅ አልመጣም። ማሽኑ የመለሰላትን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ የሟቹን መስኮት ሳትዘጋ ሌላ አዲስ መስኮት ከፈተችና ያንኑ ቃል ጻፈች። ማራገቢያው አጓራ፤ መልሳ አጠፋችው።

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። ማወቋ ደስ አላሰኛትም።

ሁሉንም ወደ ትንሿ ቢሮ ስትጠራ አለቃዋም ደርሶ ነበር፣ ካቴናውን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ። ሥራ አስኪያጁ በሩን ተደግፏል። ፕሮግራመሯ ግድግዳው ሥር ቆማለች። መካኒኩ መሃል ላይ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

«እንውሰደው?» አለ አለቃዋ።

«ቆይ ጌታዬ። መጀመሪያ ማራገቢያው። ጠዋት መሐንዲሱ ሲገቡ ዝም ብሎ ነበር። ሬሳው ሲገኝ ግን ፕሮግራመሯ ስታዘው ወዲያው ተነሳ። በመካከሉ የጠገነው የለም። ስለዚህ ማራገቢያው ደህና ነበር፤ ተነስ ያለው አልነበረም።»

«ስክሪኑ ላይ ግን ‹አየሩ ንጹህ ነው› ይላል እኮ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ይላል። ወንድሜ፣ ና እስቲ እዚህ ተቀመጥ» አለችው መካኒኩን። «በዚህ መስኮት ውስጥ ‹አየር› ብለህ ጻፍልኝ።»

መካኒኩ በአንድ ጣት ፊደሎቹን እያደነ ጻፈ። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበ። «/ቤት/መሐንዲስ/የግል/አየር፦ እንዲህ ያለ ፋይል የለም። ይኼ ምን ማለት ነው?»

«አሁን ደግሞ በአዲሱ መስኮት።»

ጻፈ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው እርሳስ መንከባለል ጀመረ።

«ያው ቃል ነው፣ ያው ማሽን ነው» አለች መርማሪዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ስም ብቻ ሲጻፍለት ማሽኑ በየፎልደሩ በተራ ይፈልጋል፣ ቀድሞ ያገኘውን ያስነሳል። መስኮቱ ግን አንዴ ያገኘበትን በር ያስታውሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ኮሪደሩን አይዞርም፣ በቀጥታ ወደዚያው በር ይሄዳል። ይህ መስኮት ዛሬ ጠዋት ‹አየር›ን ያገኘው መጋዘኑ ፎልደር ውስጥ አይደለም። መሐንዲሱ የግል ፎልደር ውስጥ ነው፣ ማሽኑ ለእሳቸው ሲሆን ቀድሞ በሚያንኳኳው በር። አሁን እዚያ ምንም የለም። ጠዋት ግን ነበር።»

«ምን ነበር?» አለ አለቃዋ።

«ሌላ ‹አየር›። ሰላምታውን ይጽፋል፣ እንደ እውነተኛው ጠብቆ ‹ግባ› ይላል፣ ቁልፉን ይከፍታል። ማራገቢያውን ብቻ አያስነሳም። ጆሮ ያለው ሰው ዝምታውን ይሰማ ነበር። እሳቸው ግን የሚያምኑት ስክሪኑን ነው።»

አለቃዋ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ።

«በሳቸው የግል ፎልደር ውስጥ ፋይል ማኖር የሚችል የይለፍ ቃላቸውን የሚያውቅ ነው። ሬሳው ከተገኘ በኋላ ደግሞ መካኒኩ በክፍሉ በር ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ በግቢው በር ላይ ነበሩ። ማሽኑ ፊት የተቀመጠው አንድ ሰው ነው፤ ፋይሉን ያጠፋውም ያኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ማጥፋትና ማብራቱስ?» አለች መርማሪዋ፣ አሁን ለፕሮግራመሯ ብቻ። «ከክረምት ጀምሮ ያልተዘጋ መስኮት የእውነተኛውን ቦታ ያስታውስ ነበር። የውሸቱን አስቀምጠሽ ጠበቅሽ፤ ጋሼ ግን በሰላም ገብተው በሰላም ወጡ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ግን መስኮቱ የሚያስታውሰው ጠፋ። አይደለም እንዴ?»

ፕሮግራመሯ ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብላ መስመሩን አነበበች። ማራገቢያው ያጓራል።

«መጀመሪያ ለምን እንዳልሠራ አልገባኝም ነበር» አለች። «ከክፍሉ ሲወጡ አየኋቸውና እግዜር አተረፋቸው አልኩ። ደስም አለኝ። ከዚያ መልሼ ፈራሁ። አጥፍተው ያብሩት አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተሳካ።»

«ሁልጊዜ ሙሉ አድራሻ የሚጽፍ ሰው መስኮቱ እንደሚያስታውስ ልብ አይልም።»

«ባውቅ ኖሮ መስኮቱን እዘጋው ነበር።»

«ይህን ሁሉ ያደረግሽው የወንድሙ አሟሟት እንዳይታወቅ ነው» አለቻት መርማሪዋ፤ ከዚያ ወደ መካኒኩ ዞረች። «ከአንተ በፊት የሚያነጋግሩት ሰው አለ ብለውህ አልነበር? እሷ ነበረች። ወንድምህ ከመሞቱ በፊት ‹አየር›ን የነካችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። አንቺ፣ ምን ለውጠሽ ነበር?»

«መጠበቂያውን» አለች ፕሮግራመሯ። «መኪኖች እንዳይዘገዩ አሳጠርኩት። የአየሩን ልክ ሳያይ ነበር ‹ግባ› የሚለው። አንድ መስመር ነበር። ጋሼ ያን ቀን አገኙት። አስተካክለው ዝም አሉ። ልጄ ትጠፋብኛለች ብለው ዝም አሉ። ዓመት ሙሉ አብረን ዝም አልን። ከዚያ ‹አልቻልኩም› አሉኝ። ‹አንቺው ንገሪው፣ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ደጃፉ ላይ እጅሽን ይዤ እቆማለሁ› አሉኝ።»

መካኒኩ ከወንበሩ ተነሳ። አለቃዋ ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ እሱ ግን የትም አልሄደም።

«ወንድሜ…» አለ። «ግባ ብሎት ነው የገባው?»

«አዎ» አለች ፕሮግራመሯ።

«አልሰረቀም።»

«አልሰረቀም።»

መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ነቀነቀ። ከዚያ ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ።

ፕሮግራመሯን ሲወስዷት ሥራ አስኪያጁ ለመውጣት መንገድ ለቀቀላት፤ ስለ ፍሬው አንድም ቃል አልተነፈሰም። አለቃዋ «ጥሩ ሠራሽ» ብሎ ትከሻዋን መታ አደረጋትና ወጣ። መኪናው ሲነሳ ግቢው ባዶ ቀረ። መካኒኩ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወንድሙ ሚስት እንደሆነ ነግሯት፣ መፍቻውን ሳጥኑ ላይ ትቶ ወደ ግቢው በር ማዝገም ጀመረ።

መርማሪዋ ማራገቢያውን አጠፋችና ወንበሩ ላይ ቀረች። ቤቷ የሚጠብቃት ሰው የለም፣ ለመሄድ አልቸኮለችም። የሟቹን መስኮት ዘጋችው፣ የሚያስታውሰውም አብሮ ጠፋ። በአዲሱ መስኮት ‹አየር› ብላ ስሙን ብቻ ጻፈች።

ደህና አደርክ ወዳጄ? ትንሽ ጠብቅ።

ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ሰላምታው ግን የጠዋት ነው።

«ደህና» አለች ጮክ ብላ፣ ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንደሚባለው።

ማራገቢያው ተነሳ። በቢሮው መስኮት ወደ ውጭ አሻግራ ስታይ መካኒኩ የግቢው በር ላይ ደርሶ ነበር። ድምፁ ከእግሩ ሥር ሲሰማው ቆመ። ዞረ። መጋዘኑን ከታች እስከ ላይ፣ እስከ ሽማግሌው ክፍል ድረስ አየውና እጁን አነሳ።

ለማን እንደሆነ አላወቀችም። እሷም እጇን አነሳች።